የወይዘሮ ቦዤና የመጨረሻ ቋንቋ

ውድ መልከጼዴቅ፣

ወይዘሮ ቦዤናን ትናንት ቀበርናቸው። ካረፍክ ሁለት ዓመት አልፎሃል፤ ቢሆንም ካንተ ሌላ ይህን የምነግረው ሰው አጣሁ።

እንዴት እንደተዋወቅናቸው መቼም አትረሳውም። ትምህርታችንን አቋርጠን ከፕራግ ወደዚህ ወደ ፍራንክፈርት በሸሸንበት ዓመት፣ ወደ ቦርንሃይም በሚሄደው ትራም ውስጥ ተጣላን። አጠገባችን ሐበሾች ስለነበሩ በአማርኛ መጨቃጨቁን አፍሬ በቼክኛ አወረድኩብህ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው በዚያው በቼክኛ፣ «ተይው ልጄ፣ ወንድ ትራም ውስጥ አይሰማም» አሉኝ። ሳንወርድ ታረቅን።

በሳምንቱ ወደ ማኅበራቸው ወሰዱን። አገራቸው ውስጥ በኮሚኒስቶቹ ሲታገድባቸው ስደተኞቹ እዚህ እንደገና ያቋቋሙት የጂምናስቲክና የባህል ማኅበር ነበር፤ የሚሰበሰቡትም ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ። ካሬል የሚባሉት ሽማግሌ በሩ ላይ አስቆሙን። «እኛን ያሳደደን መንግሥት ነው እነዚህን ያስተማረው። ዳቦውን በልተዋል» አሉ። አንተ ልትመለስ ስትል ወይዘሮ ቦዤና፣ «እነሱም እንደኛ ሸሽተው ነው የመጡት። ይልቅ ካሬል፣ ፍራሹን በዚያ በኩል ያዝ» አሏቸው። እያጉረመረሙ ያዙ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የእኛም ቀን ሆነ። አንተ እንደ ግንድ ደርቀህ ከጎልማሶቹ ጋር ትንጠራራለህ፤ እኔ የገና መዝሙራቸውን አብሬ እዘምራለሁ፤ ልጆቹን የሚያሠለጥኑት ወይዘሮ ቦዤና ነበሩ፤ ልጃችን ብሩኪም መገልበጥ የተማረው እዚያ ፍራሽ ላይ ነው። የራሳቸው ልጅ ያና ግን አንድም ቀን አልመጣችም። የክፍል ጓደኞቿ እንዳይስቁባት ፈርታ ቼክኛውንም እምቢ አለች።

አገራቸው ነጻ ሲወጣ ብዙዎቹ ተመለሱ፤ የቀሩት እዚሁ አረጁ። ባለፈው ጸደይ የቀረነው ጥቂት ሰዎች እጃችንን አውጥተን ማኅበሩን ዘጋነው።

ወይዘሮ ቦዤና ያኔ ኒደርራድ የሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ገብተው ነበር። የመርሳት በሽታው መጀመሪያ የሰዎችን ስም፣ ቀጥሎ ጀርመንኛቸውን ወሰደባቸው። ያና ደወለችልኝ። «እናቴ የምትለው አይገባኝም። እባክሽ ነይልኝ» አለች። እንግዲህ አስበው፣ የደብረ ማርቆሷ ልጅ በእናትና በልጅ መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ሐሙስ ልጆቹ መጡ?» ብለው ጠየቁኝ። ለያና ተረጎምኩላት።

«መጡ በያት» አለች።

መጡ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ያና ከተማሪዎቻቸው አንዷ መስላቸው ትክ ብለው አዩዋትና፣ «ክንድሽን ቀጥ አድርጊ» አሉ። ያና፣ ያቺ ፀጉሯ የሸበተው ሴት፣ ከወንበሯ ተነስታ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ወይዘሮ ቦዤና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ አትመጣም። ማስገደድም አልፈልግም። ግን ስንሰለፍ ሁልጊዜ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቦታ ክፍት እተውላታለሁ። እንዳትነግሪያት።»

«ምን አለች?» አለች ያና፣ ክንዶቿን እንደዘረጋች።

ምን ላድርግ መልኬ? እንዳትነግሪያት ተብያለሁ። ነገርኳት።

ክንዶቿን አወረደች። እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ፀጉሯን እየዳሰሱ፣ «ወደቀች እንዴ? አይዞሽ በያት፤ ሁሉም ይወድቃል» አሉኝ። ይህንንም ተረጎምኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

ትናንት መቃብሩ ዳር ከማኅበርተኞቹ የመጣ አልነበረም። በቋንቋቸው የተሰናበትኳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ናዝዳር!» አልኩ፣ ማኅበርተኞቹ ሲገናኙና ሲለያዩ እንደሚባባሉት። ያ አዳራሹን ሞልቶ ይመለስ የነበረ ሰላምታ መላሽ አጣ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። እንደዚያ ብቻዬን የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አንተን የቀበርኩ ቀን እንኳ በአማርኛ የሚያለቅስልኝ ሰው ነበር።

ብሩኪ ከቀብሩ አምጥቶኝ እዚሁ አደረ። እንደምታውቀው ነው፤ በአማርኛ አዋራዋለሁ፣ በጀርመንኛ ይመልስልኛል። አሁን ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ይህን ስጽፍ አገኘኝ። ወረቀቱን አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ የማያነባቸውን ፊደሎች አየ።

«ለፓፓ ነው? ምን ይላል?»

«ቁጭ በል፣ ስጨርስ አነብልሃለሁ» አልኩት።

ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ላቁም።

በሰላም ዕረፍልኝ፣ መልኬ።

የወርቅውሃህ
ፍራንክፈርት