መርዶዬን ጎረቤቴ ነገረችኝ

ለውድ እኅቴ ለእታለም በለጡ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? አባዬስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው? ቤዚ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ቤት መዋሉን ለመደችው ወይስ አጥር ለአጥር እየዞረች አንቺን እናቷን ታስጨንቃለች? ክረምቱስ ደነባ ላይ እንዴት ያዛችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን ማየት አቅቶኛል። አሶሳ ዝናቡ ሌት ተቀን ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከደባልቄ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንሰማማም። ማልቀስ ሲያስፈልገኝ ለዚህም ፈጣሪን አመሰግነዋለሁ።

ስለ እማዬ ግን አልጠይቅሽም። መሞቷን አውቄያለሁ። ሰኔ ላይ መሞቷን፣ ከዚያ ወዲህ ያላችሁኝ ሁሉ ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። በስልክ ልነግርሽ አልፈለግሁም። በስልክ ብነግርሽ ታለቅሺብኛለሽ፣ እኔም የራሴን ትቼ አንቺን ማባበል ልይዝ ነው። በወረቀት ግን እስክጨርስ ድረስ ትሰሚኛለሽ።

ምን እንዳደረጋችሁኝ ስለማታውቁ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ገና ማስታወኩ አልለቀቀኝም ነበር። እማዬ ቅቤዋን አንጥራ፣ የገንፎ እህሏን አስፈጭታ፣ ክረምቱ ሳይገባ መጥታ ልታርሰኝ ተስማምተን ነበር። ከዚያ በኮሮናው መንገዱ ተዘጋ። ደባልቄ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ልብሱን በር ላይ አስወልቀዋለሁ፣ እጁን እንደ ሕፃን አስታጥበዋለሁ። ሰው ቤት አይገባም፣ ሰው ቤት አይኬድም። ጤና ጣቢያ አጃቢ አይገባም ተብዬ ብቻዬን ገባሁ፤ ነርሷም ከሩቅ ቆማ ነው ስሜን የጠራችው። ባስነጠሰኝ ቁጥር ልጄን ገደልኩት እያልኩ እቀመጥ ነበር። እንቅልፌ የሄደው ያኔ ነው። ያም ሆኖ እማዬ እየደወለች የመንደሩን ሰው ሁሉ ስታማልኝ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። የምኖረው በዚያ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ መደወል ተወች። ጠበል ገብታለች አላችሁኝ። ሱባኤ ይዛለች አላችሁኝ። ጉሮሮዋ ተዘግቷል አላችሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ ውሃ ውስጥ ወደቀ አላችሁ። እታለም፣ እማዬ ስልኳን ከጉያዋ የማታወጣ ሴት ነበረች፤ የትኛው ባሕር ውስጥ ነው የወደቀው? መዋሸታችሁ ካልቀረ ትንሽ እንኳ ብትደክሙበት ምን ነበረበት?

ደባልቄን እናቴ ሞታለች አይደል ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። የእርግዝና ጠባይ ነው አለኝ። አባዬ ደህና ናት ብሎ ስልኩን ለአንቺ ሰጠ። ነርሷን እናቴ የሞተች እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣሁ ብላት መልካም መልካሙን አስቢ፣ ሐሳብ ልጁን ይጎዳል ብላ መለሰችኝ። ደባልቄ አስቀድሞ ደውሎ አደራ ብሏት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ሁላችሁም በአንድ አፍ ስትናገሩ ምን ላድርግ? እያበድኩ ነው ብዬ አመንኩ። በር ዘግቼ መዝጋቴን ማመን አቃተኝ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ እንኳ የሚመስለኝ ብቻ ይሆናል እያልኩ እጠራጠር ጀመር። ቢላዋ ሳይ ደግሞ ራሴንም ልጁንም የምጎዳ ይመስለኛል። ለደባልቄ ብነግረው ለነርሷ ይነግራታል፣ እሷም እብድ ናት ትላለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የቤቱን ቢላዋ ሁሉ በጨርቅ ጠቅልዬ ለሀምዲያ ሰጠኋት።

ሀምዲያ አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። የዚሁ አገር ሰው፣ በርታ ናት፤ ባሏ ሐምዳን መንገድ ዳር ሱቅ አለው። ሽንኩርት ልከትፍ ስል በአጥሩ እጠራታለሁ፣ ቢላዋውን ታቀብለኛለች፣ እስክጨርስ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ መልሳ ትወስዳለች። ለምን ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

ደባልቄ እኔን ቤት አስቀምጦ ለካ ሐምዳን ሱቅ ደጃፍ ላይ ለቅሶ ተቀምጦ ኖሯል። የሰፈሩ ወንዶች እጁን ሳይጨብጡ፣ ከሩቅ፣ እግዜር ያጽናህ ብለውታል። ሸዋሉል እንዳትሰማ ብሎ ለሁሉም አደራ ሲል ለሐምዳን ግን አደራ ሳይለው ቀረ። ነፍሰ ጡር መርዶ እንደማይነገራት ዓለም ሁሉ የሚያውቅ መስሎታል። እነሀምዲያ ዘንድ ግን ሰው ሲሞት ዕለቱን ይነገራል፣ ዕለቱን ይቀበራል፣ ጎረቤት የሆነም ሳይውል ሳያድር ይመጣል።

እሷም መጣች። ደባልቄ ሥራ ሄዶ ነበር። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር በሳህን ሸፍና ይዛ፣ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልኝ። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እናት ያንቺ ሞተ ብሎ ሐምዳን ዛሬ ነገረኝ፣ አላህ ይርሐማት፣ ቢላ ስትሰጠኝ እኔ አላወቀም ነበር፣ ይቅር በለኝ አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን ሐዘን ላይ ያለሁ መስሏት፣ ሳትመጣ በመቆየቷ አፍራ ነው።

እታለም፣ የሚቀጥለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የእናቴን ሞት ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አላበድኩም! ሁሉም ውሸታም ነው እንጂ እኔ አላበድኩም! ሳቅሁ። ሀምዲያ ፊት ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ፤ ምስኪኗ ሳህኑን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እማዬ የሞተችብኝ ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው። የእናቷን መርዶ በሳቅ የተቀበለች ልጅ አድርጋችሁኛል። ይህን ከሆዴ የሚያወጣልኝ ቄስም ሐኪምም የለም።

ለደባልቄ ለምን አልነገርሽውም ትይኝ ይሆናል። እስከ የት እንደምትሄዱ ማየት ፈለግሁ። ክፋት ነው፤ ይሁን። እሱ ሲወጣ ሀምዲያ ቤት እሄዳለሁ። ሰሌኗ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ፤ እሷም አይታት ለማታውቅ ሴት አብራኝ ታለቅሳለች። ሊመለስ ሲል ፊቴን ታጥቤ በር ላይ እቀበለዋለሁ። ጥሩ መልክ አወጣሽ ይለኛል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ስልኩን ይዞ እየፈነደቀ ገባ። እማዬ ናት አለኝ። እታለም፣ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ነበር አይደል? ልጄ፣ ጉሮሮዬ ነው እንጂ ደህና ነኝ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ አልሽኝ። ሳሏን ሳልሽው። ከቃሉ መሃል የምትስበውን ትንፋሽ ሳይቀር ሳብሽው። ልጆች ሆነን እሷን እየኮረጅሽ ስታስቂን እማዬ ራሷ እንባ በእንባ ትሆን ነበር፤ ለዚህ ይጠቅመኛል ብለሽ እንዳልተማርሽው አውቃለሁ። ደባልቄ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፊቴን እያየ ቆሟል። እኔም አሜን አልኩ። አሜን፣ አሜን አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መዝጋት አልቻልኩም። አንቺ መሆንሽን እያወቅሁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ትንሽ እንድትቆዪ ስለ ቅቤው፣ ስለ ዶሮዎቹ እጠይቅሽ ነበር። የዘጋሽው አንቺ ነሽ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ልል እችል ይሆናል፤ ይህን ግን እንጃ። የሞተችውን እናቴን አስመኝተሽ ነጠቅሽኝ።

ለልጁ ብላችሁ ነው። አውቃለሁ። ወግ ነው፣ ሁሉም ቤት ይደረጋል፣ እኔም ብሆን ምናልባት አደርገው ነበር። ግን እኔ ብቻዬን ተዘግቼ፣ ከእናንተ ድምፅ በቀር የምይዘው ባልነበረኝ ጊዜ ነው ያደረጋችሁት።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ ባምባሲ ኬላ ላይ ሙቀት ለክተው ያሳልፋሉ አሉ። መጥቼ አርስሻለሁ ያልሽውን ግን ተዪው። አትምጪ። ከክርስትናው በኋላም ሽማግሌ ሰብስባችሁ ለመርዶ በማለዳ በሬን እንዳታንኳኩ። ሀምዲያ ታርሰኛለች። ለደባልቄ ይህ ደብዳቤ ከእጄ በወጣ ማግስት እነግረዋለሁ፤ ከአንቺ እንዳይሰማ ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳልወልድ እውነቱን ጻፊልኝ። የገደላት በሽታው ነው? ማን አጠባት? ሰው ሸኛት ወይስ ጥቂት ሰው ይበቃል ተብሎ እንደ ባይተዋር ተቀበረች? ጠርታኝ ነበር? ጠርታኝ ከነበረ አትደብቂኝ፤ ካልጠራችኝም እንደዚያው። ምጥ ላይ ሆኜ ይህን እየገመትኩ መጮህ አልፈልግም። የመጣው ይምጣ፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ውሸቱን ነው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ከእንግዲህ ደህና ናት እንዳይለኝ ንገሪው፤ እንዲያ ሲለኝ ድምፁ አንጀቴን ይበላው ነበር። ቤዚን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ስታናግረኝ ስልኩን ከእጇ የነጠቅሻት ጊዜ ምን ልትለኝ እንደነበር አሁን ስለገባኝ አትቆጫት። ለእማዬ ላለቀሱ ጎረቤቶች ሁሉ፣ በሩቅ ቆመው ላለቀሱትም፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ ብላለች በይልኝ። ይህን ደብዳቤ የሥራ ባልደረባዬ መምህር ሌንጂሳ እስከ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በደነባ መኪና ይልክልሻል።

ለእማዬ ደግሞ መቃብሯ ድረስ ሄደሽ፣ ሸዋሉል አልቅሳልሻለች በያት። በራስሽ ድምፅ።

እኅትሽ ሸዋሉል
አሶሳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.