ስም ያልነበረው ወረቀት

ከወንድም ለማላሳንስህ ጓደኛዬ፣

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? የዚያ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ሙቀት በረድ አለልህ? ወገብህስ ተሻለህ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አዲሱ ኃላፊ የመጡ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ዘመኑ የለውጥ ነው፣ ሠራተኛው ሳይፈራ ይናገር ብለው ኮሪደሩ ላይ የአስተያየት ሣጥን ሰቀሉ። ስም መጻፍ አያስፈልግም ተባለ። አንተም ይሄ ሣጥን ሆድ እንጂ ጆሮ የለውም ብለህ አሳቅኸኝ። ለካ እንዲያ እያልክም ጽፈህ ኖሯል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወረቀት ነበር፤ ፈቃድ ክፍል ውስጥ ስልክ የተደወለለት እየቀደመ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፈው ባዶ እጁን እንደሚመለስ የሚዘረዝር። አልተቆጡም። ሳቅ ብለው፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው የሠራተኛውን ሁሉ የእጅ ጽሑፍ ይለያል ይባላል፣ እኔ ግን አላምንም አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ያለኝ አለቃ የለም። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ ሳልጨርስ፣ ይሄማ የፈቃድ ክፍሉ ጓደኛዬ ነው፣ መስመሩ ሁሌ ወደ ላይ ይወጣበታል አልኳቸው። ይገርማል አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

በሳምንቱ፣ ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል ተዛውረሃል የሚለውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁህ። የሸጠህን ሰው አብረን ረገምነው፤ ከአንተ ይልቅ የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። እናቴን አደራ ብለኸኝ ተሳፈርክ።

በየእሑዱ እሄድ ነበር። እማማ ልጄ መቼ ነው የሚመጣው ይሉኛል፤ ማመልከቻው እየታየ ነው እላቸዋለሁ። አራቱም ማመልከቻዎችህ በእኔ እጅ አልፈዋል። ወደ ላይ ወጡ፣ አልወረዱም። በመጨረሻ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው እጄን ይዘው፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ውኃ ላምጣልዎት ብዬ ወጣሁ። አፈርኩ ወንድሜ፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሠራተኛው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መረጠ። በምስጢር ድምፅ፣ ሰው አይጎዳም ብለው እኔን ሊቀ መንበር አደረጉኝ። ሰኞ የተከፈተው የመጀመሪያ ፋይል ያንተ ሆነ። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጽፌም ፈረምኩ። ማንም አልሰደበኝም፤ ጸሐፊዋ ብቻ፣ አንተ? አለችኝ። ከኮሚቴው ወጣሁ። በኮሚቴው ውሳኔ ዝውውርህ ተሰርዟል፤ ደብዳቤው ከዚህ ጋር አለልህ። ምነው ከዐሥር ቀን በፊት፣ እማማ በር በሩን እያዩ ሳሉ በደፈርኩ!

ይቅር በለኝ አልልህም። ብቻ ቶሎ ና። ከአውቶቡስ ስትወርድ ግን ብቻህን ወደ ቤት እንዳትሄድ፤ መጀመሪያ እኔ ጋ እለፍ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ፊቴን ማየት ካስጠላህ በር ላይ ሰጥቼህ እሄዳለሁ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ያጽናህም።

ጓደኛህ የነበርኩት፣
የመዝገብ ቤቱ