ጋሽ ላውድ፣ ስልክን በሰው ፊት ያነሱት አባታችን

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. በአንዲት የባቡር ጣቢያ ከተማ ተወለዱ። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀው በ1968 ዓ.ም. በመንግሥት ስኳር ፋብሪካ እንፋሎት በሚያመርተው የቦይለር ክፍል ተቀጠሩ። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ከነበሩት እናታችን ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። መርቀው የዳሯቸው የእናታችን ታላቅ ወንድም፣ አጎታችን ነበሩ።

ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ አንድ ልማድ አመጡ። ከበላይ ሲደወል ሰው አስጠርተው፣ «ሁላችንም እየሰማን ነው» ብለው ስልኩን ላውድ ላይ ያደርጉታል። የቃል ትእዛዝ ነገር ሲበላሽ ባለቤት እንደማይገኝለት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሠራተኛው «ጋሽ ላውድ» ያላቸው በዚህ ነው፤ ሲሰሙ የተቆጡ ይመስሉና ይስቃሉ።

በ1991 ዓ.ም. ቦይለሩ ለጥገና መቆም ነበረበት። የፋብሪካው ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት አጎታችን የምርት ዕቅዱ ሳይሞላ እንዳይቆም ፈልገው ደወሉ። የቦይለር ሠራተኞች ቢሮው ውስጥ ተቀምጠዋል። አባታችን እንደ ልማዳቸው ሁሉም እንደሚሰማ ተናገሩ፤ አጎታችን ግን ይኼ ለቤተሰብ አይሠራም ብለው ቀጠሉ። «ባክህ ተወኝ! እንዳታቆመው። በጽሑፍ ስጠኝ እንዳትለኝ ደግሞ» አሉ። አባታችን እጀታውን አንስተው ነገሩን በሁለቱ መካከል ማስቀረት ይችሉ ነበር። እጃቸው ወደ ስልኩ ሄዶ ሲመለስ ያዩ ሰዎች ዛሬ እዚህ አሉ። «ጋሼ፣ ቦይለሩ ሥር የሚቆሙት ፊቴ ተቀምጠዋል። አቆመዋለሁ» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ቦይለሩ ሲከፈት ቧንቧው ተሰንጥቆ፣ ሊፈነዳ ተቃርቦ ተገኘ።

ቦርዱ ግን ከሥራ አስኪያጅነት አንስቶ «አማካሪ» አደረጋቸው። ማንም የማያማክራቸው አማካሪ ሆነው፣ ስልክ በሌለበት ክፍል እስከ ጡረታ ተቀመጡ። አጎታችን ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም፤ ለእህታችን ሠርግ እንኳ አልመጡም። እናታችን በባልና በወንድም መካከል ሲንገበገቡ ማየት አባታችንን ሹመታቸውን ከማጣት በላይ አቃጠላቸው።

አባታችን በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አጎታችን ደወሉ። እናታችን ስልኩን ይዘው ወደ ኮሪደር ሊወጡ ሲሉ፣ መናገር የተሳናቸው አባታችን አልጋው ላይ እንዲያስቀምጡት በጣታቸው አመለከቱ፤ እናታችንም ላውድ ላይ አድርገው አስቀመጡት።

«ብቻውን ነው?» አሉ አጎታችን።

«ሁላችንም እየሰማን ነው» አሉ እናታችን።

አጎታችን በዚህ ጊዜ ስልኩን አልዘጉም።

«እንግዲያው ሁላችሁም ስሙ። ያኔ ልክ እሱ ነበር።»

አባታችን ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አጎታችንም ዛሬ ከእናታችን ጎን ቆመዋል። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በብርሃን ይቀበልልን፤ በዚያ ስልክ ምክንያት በሕይወት ላላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ።