«የሰው» የሚል ቃል ስላለበት ስለታገደው ብልቃጥ

ለክቡር ዶክተር ክሊፎርድ ሃስኬል
በምርምር ተቋማችን የሰው ናሙና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ ዘንድሮ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ቢጥልም፣ እርስዎ ግን በሙሉ ጤንነት ቢሮዎ ሲገቡ በመስኮት አይቼ ተደስቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በርዎን ባንኳኳሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው፤ ትጋትዎ የሚያስቀና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ያዘዝነው ኢንተርሉኪን-2 የተባለ ፕሮቲን በደረሰ ጊዜ፣ ብልቃጡ ላይ «የሰው» የሚል ቃል አንብበው፣ የሰው አካል ነው በማለት ማቀዝቀዣዎ ውስጥ ቆልፈውበታል። የሰውነት መከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ይህ ፕሮቲን አሠራሩ ከሰው የተቀዳ ቢሆንም፣ የተመረተው ፋብሪካ ውስጥ በበርሜል ባደገ ባክቴሪያ መሆኑን፣ አንድም ሰው ለእርሱ ጠብታ ደም እንዳልሰጠ ባስረዳዎትም፣ «ወይዘሮ ማኬላ፣ የሰው ነው ይላል፤ እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው» ብለው አስተምረውኛል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ዶሪን ኩዊስትን ይመለከታል። እርስዎ አያውቋትም። ዕድሜዋን በሙሉ ማዕድን በሚጭኑ የሐይቅ መርከቦች ላይ ምግብ ስታበስል የኖረች ሴት ነበረች። ሐኪሞች ከሳንባዋ ዕጢ ቆርጠው ሲያወጡ፣ ቁራጩን ለምርምር ብንወስደው ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ውሰጂልኝ እባክሽ፤ እኔ እንደሆነ አይናፍቀኝም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቁራጭ ውስጥ ዕጢውን ለይተው የሚያጠቁ ጥቂት ሴሎች አገኘን፤ በዚህ የካንሰር ዓይነት እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም ነበር። ምርምሩ ለራሷ እንደማይደርስላት ታውቅ ነበር፤ ሆኖም ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ቀድማ፣ ሴሎቹን ማለቷ ነው፣ «ልጆቼ በሉ?» ትለኝ ነበር። እነዚያን ሴሎች ከሰውነት ውጭ በሕይወት የሚያቆያቸው እርስዎ የቆለፉበት ፕሮቲን ነው።

ከጎረቤት ላቦራቶሪ ትንሽ ተበድረን ስንሰነብት፣ ያለ ፈቃድ መዋዋስ ክልክል መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ አሳወቁን። ሴሎቹን በበረዶ እንዳናቆያቸው ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነበር። ብልቃጡን ሊፈቅድልን የነበረው ኮሚቴዎ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ በተበተነ ማግስት በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ተኮማትረው ረግፈዋል። ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የሴሎቹን መሞት ለዶሪን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ሥራ ለጽሕፈት ቤትዎ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ መመሪያው አይገልጽም።

«በምን ምክንያት ሞቱ?» አለችኝ በደከመ ድምፅ።

«ምግባቸውን ከለከሉን። ብልቃጡ ላይ ‹የሰው› የሚል ተጽፎበት።»

ፈገግ ልትል ቃጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «በማዕበል መሀል እንኳ ሰው ጦሙን አሳድሬ አላውቅም፣ ኤሊን» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያው ሳምንት አረፈች። የፕሮቲኑ ፈቃድ በፊርማዎና በማኅተምዎ አጊጦ፣ ከቀብሯ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ብልቃጡም አሁን በእጃችን ነው፤ የምንሰጣቸው ሴሎች ግን የሉንም።

ለሚቀጥለው ስብሰባዎ ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላልዎ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣ የመመሪያዎ ትሑት ተገዢ፣

ኤሊን ማኬላ
ከካንሰር ምርምር ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዶሪን እህት ከሴሎቹ የተረፈውን ወስዳ ሐይቁ ዳር ልትቀብረው ጠይቃን ነበር። ጥያቄዋን ለጽሕፈት ቤትዎ ባስተላልፍ፣ የሞተ ሴል እንደ ሰው ናሙና ስለማይቆጠር ኮሚቴውን ማስቸገር እንደማያስፈልግ፣ ከቆሻሻው ጋር ይወገድ የሚል መልስዎ ከወንበሬ ሳልነሳ ደረሰኝ። ስለ ፍጥነትዎ እጅግ አመሰግናለሁ።