ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ያልሽኝ ነገር አሳስቦኛል። ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሿ ጥርሷን ነቀለች ወይስ አሁንም በምላሷ እያወዛወዘች ታስቃችኋለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እንደ ልማዴ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። አባባ ደህና ናቸው። ባለቤቴም ደህና ናት። እኔ ሕመም የለብኝም፣ ደህና ግን አይደለሁም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ምነው ዛሬ ወሬ አበዛህ እንዳልሽኝ ትዝ ይልሻል? አፌን ታውቂዋለሽ፤ ለቀልድ ይፈጥናል፣ ለቁም ነገር ይሰንፋል። ስለዚህ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ነገሩ ስለ ካሜራዋ ነው። የትኛዋ ብለሽ እንደማትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ በቤታችን «ካሜራዋ» የምትባል አንዲት ብቻ ናት። አባባ በፎቶ ቤታቸው ለዕለት ሥራ የሚይዟት ሌላ ነበረች። ይቺን፣ ባለ ሁለት ዓይኗን፣ በአንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ የምታነሳውን፣ ለትልቅ ቀን ነበር ከሣጥን የሚያወጧት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት ተቆልፎባት እንደኖረች ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ሐኪሙ የአባባ ዓይን ሞራ እየባሰ መሄዱን ነገራቸው። ቤት ስንገባ የሣጥኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና፣ የሰው ሰዓትና ስልክ ስትጠግን ትውላለህ፤ እስቲ እሷንም አንድ ቀን አናግርልኝ፣ ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አለ፣ አሉኝ።

ወደ ሱቅ አልወሰድኳትም። እሑድ ጠዋት ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩና ቁጭ አልኩ። የሚወጣውን ብሎን ሁሉ በየተራው በእንቁላል መያዣው ጉድጓዶች ውስጥ ደረደርኩ። ባለቤቴ መጥታ አየችና፣ እንቁላል ነው ብዬ ብሎን ጠብሼ እንዳላበላህ ብላ ስቃ ወጣች። እኔም ሳቅኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቀልቤ ከእኔ ጋር ነበር።

ችግሩ ሸተሯ ላይ ነው። ቁልፏን ስጫናት ቀጭ ትላለች፣ ድምፅ ሞልቷታል። ከሌንሱ ኋላ ያሉት አምስት ስስ የብረት ቅጠሎች ግን ተጣብቀው ንቅንቅ አይሉም። እነሱ ካልተከፈቱ ብርሃን አይገባም፤ ብርሃን ካልገባ ደግሞ ፎቶ የሚባል ነገር የለም። የፊቱን ሌንስ በጠርሙስ የጎማ ክዳን እየተጫንኩ ፈታሁት፤ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ላይ ቤንዚን አድርጌ ቅጠሎቹን አጠብኳቸው። ተከፈቱ። ደስ አለኝ። ቤንዚኑ ሲደርቅ እንደገና ያዙ። ሁለተኛ አጠብኩ፣ ሦስተኛ አጠብኩ፤ ያው። አቧራ እንዲህ አያደርግም። በአራተኛው ጥጡን ከመጣል ይልቅ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ቤንዚኑ ተኖ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ቢጫ ነገር ቀረበት። አሸተትኩት።

የእማዬ የስፌት መኪና ዘይት ነው።

እትዬ፣ ያንን ዘይት እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እማዬ ኢንጂነሩ ትለኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ብሎን ሲተርፈኝ፣ ያለዚህም ይሠራ ነበር ማለት ነው እያለች ትስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን አባባ ካሜራዋ ቀርፈፍ ብላለች ሲሉ ሰማሁ። ያኔ ሣጥኑ አይቆለፍም። ለሠርግ ሥራ በወጡበት አወጣኋትና በሌንሱ ጎን ባለው ክፍተት ሁለት ጠብታ ጣል አደረግኩባት። ብጫናት ለሰለሰች። ሁለት ጣቴን ከእማዬ ቀሚስ በተረፈው፣ በሰማያዊ አበባው እራፊ ጠርጌ እራፊውን ከስፌት መኪናው ኋላ ወረወርኩት። ሐሳቤ ኋላ ለአባባ ነግሬ ልመሰገን ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ እማዬ ከሆስፒታል ወጥታ፣ ሳልከሳ አንሱኝ አለች። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶ ፍለጋ መሳቢያ ሲበረብር ይውላል፤ እኔ ይህን ሥራ አላበዛባችሁም እያለች ትቀልድ ነበር። አባባ ካሜራዋን አወጡ። አንቺ መብራቱን ያዝሽ፣ እኔ ወንበሩን አስተካከልኩ። አሥራ ሁለቱንም ለእሷ ጨረሱላት። አንገቷን ቀና ስታደርግ፣ የመጨረሻዋ ላይ ደግሞ ሳቋ አምልጧት አፏን በእጇ ስትይዝ አሁንም ይታየኛል። ከእኛ ሌላ ያየው የለም።

ፊልሙን ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ከጨለማው ክፍል እጅሽ እንደራሰ ወጥተሽ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ እንደጠራሽኝ ረስተሽው ይሆን? አንተ፣ ካሜራዋን ነክተሃታል እንዴ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ምላሴ ሳይደናቀፍ፣ ኧረ እኔ የለሁበትም አልኩሽ። አየሽኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየሽኝ። ከዚያ ወደ አባባ ገብተሽ፣ መድኃኒቱን አቀያየርኩት፣ ምስሉን የሚያወጣውን ትቼ የሚያጸናውን አስቀደምኩ፣ ፊልሙ ባዶ ሆኗል አልሻቸው። አባባ አልጮሁም። ፊልሙንም አምጪ አላሉሽም። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ፤ አንቺም የጨለማውን ክፍል ቁልፍ ከአንገትሽ አውልቀሽ ሰጠሻቸው።

ሌላ ቀን እናነሳታለን ስንል በማግስቱ እማዬ ወደ ሆስፒታል ተመለሰች፣ አልወጣችም። ለቀብሯ የመታወቂያዋን ጉርድ ፎቶ አሳደግነው። የማኅተሙ ግማሽ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አባባ በእርሳስ ሊያጠፉት ደክመው ደክመው አልሆነላቸውም። እስከ ዛሬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ማኅተሟን ተሸክማ አለች። ልቅሶ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ አባባ ስላንቺ እናቷን ሁለት ጊዜ ቀበረቻት ሲሉ እኔ ውሃ እያዞርኩ ነበር። ማቅረቢያውን ይዤ ቆምኩ። ያኔ አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ለቀጣዩ ሰው ውሃ ቀዳሁ።

የፎቶ ቤቱ ሰሌዳ ላይ «እና ሴት ልጃቸው» የሚል ሊጨመር ቀለም ቀቢው ለክቶ ሄዶ ነበር። ቀረ። አንቺም በሦስተኛው ወር ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ ያ ሁሉ እጅ፣ ያ ሁሉ ዓይን ይኸው መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይመዘግባል። ስትደውዪ አባባ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል። ሰው የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብሎ ሲተርት በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ታውቅ ነበር ወይ ብትዪኝ ምን እመልሳለሁ? አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። መድኃኒቱን አቀያየርኩ ስትዪ አመንኩሽ። ማመኑ ይጠቅመኝ ነበርና አመንኩሽ። ዘይቱ በሐሳቤ በመጣ ቁጥር፣ እሷ ራሷ ተናግራለች እያልኩ እመልሰው ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሰው ሰዓቱን ዘይት አድርግልኝ ሲለኝ፣ ዘይት ሲበዛ ይይዛል እያልኩ ስመክር ኖሬያለሁ፤ ምክሩን ከየት እንዳመጣሁት ግን ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዘይቱ እስኪለቅ ቅጠሎቹን ደጋግሜ አጥቤ፣ ካሜራዋን ገጣጥሜ የቆዳ መያዣዋን ሳጸዳ የውስጥ ጨርቁ በአንድ በኩል ተፈትቶ አገኘሁት። ጣቴን ብሰድ ጥቅልል ነገር ነካሁ። ፊልሙ ነው፣ አልጣልሽውም። የተጠቀለለው በሰማያዊ አበባ እራፊ ነው፤ እራፊው ላይ የሁለት ጣት የዘይት አሻራ አለ።

ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው፣ እማዬ የለችበትም። አንቺ ግን ጨለማው ክፍል በር ላይ አስቀምጠሽ ስታስተምሪኝ፣ ፊልም ባዶ ሲወጣ ከመጮህህ በፊት ጠርዙን እይ ትዪኝ ነበር። የጠርዙን ቁጥር ፋብሪካው ነው የሚያትመው፤ መድኃኒቱ ከተቀያየረ ቁጥሩም አይወጣም። ቁጥር ካለ ያጠበው ሰው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱን ካሜራው ጋ ፈልግ ትዪኝ ነበር። ጠርዙን አየሁ። ሁሉም አሉ፣ ጥቁርና ጥርት ያሉ። ቆጠርኳቸው፣ ደግሜ ቆጠርኳቸው።

እራፊውን ከየት እንዳገኘሽው አልጠይቅሽም።

እዚህ ድረስ ጻፈ ብለሽ እንዳትኮሪብኝ፤ ገና አላለቀም። ካሜራዋን ወስጄ አባባ እጅ ላይ አስቀመጥኳት። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የአንድ ሰከንዱን ፍጥነት፣ የግማሹን፣ ፈጣኑን እያስጮኹ ሰሟት። ልክ ናት አሉ። ምን ነበረባት ሲሉኝ ምን ያልኳቸው ይመስልሻል? አቧራ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ፊልሙ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ አቧራ አልኳቸው።

ሁለት ቀን ፊልሙን በኪሴ ይዤ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ ሄድኩና ፊልሙን እጃቸው ላይ አኖርኩት። ማጉያ መስታወቴን አምጣ አሉኝ። ጠርዙን ይዘው እንደ ተማሪ ጮክ ብለው አነበቡት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። አሥራ ሁለትን በሹክሹክታ ነው ያሉት። ለሌላ ሰው ማስረዳት ያስፈልግ ነበር፤ እሳቸው ግን አንቺን ያስተማሩሽ ሰው ናቸው። ማጉያውን አስቀምጠው፣ ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለችኝ ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ውሃው። እራፊውን አላሳየኋቸውም፤ እሱ የኔና ያንቺ ነው።

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን እማዬን ነው ያዩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሃያ አንድ ዓመት ማደር ግን በዛ አሉ። ከዚያም፣ ያንን ቃል ሰው ፊት ነው የተናገርኩት፣ የሰሙት አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ለማን ሄጄ ልመልሰው ብለው አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ላጽናና ብዬ፣ ፊልም አስገብቼ ላንሳዎት አልኳቸው። አንተ አታነሳኝም አሉ። እሷ ናት የምታነሳኝ፣ ዓይኔ ሳይዘጋ ከካሜራዋ ኋላ ማን እንዳለ ልይ አሉ። አዲስ ፊልም አስገብቻለሁ፤ አንድ ቁጥር ላይ ቆሟል። ጨለማውን ክፍል ከካርቶንና ከአሮጌ ጫማ አጽድቼ ቀይ አምፖል ገዝቼለታለሁ።

ይቅር በዪኝ ብዬ በዚህ ወረቀት አልጽፍም። ለሱ ስትመጪ ፊት ለፊትሽ ነው የምቆመው፤ የፈለግሽውን በዪኝ፣ ካሻሽ ዝም በዪኝ። እኔ ላይ ቂም ቢኖርሽ እንኳ ለእሳቸው ብለሽ ነዪ።

ፖስታው የከበደው የጨለማው ክፍል ቁልፍ ስላለበት ነው። ክሩን የቋጠሩት አባባ ናቸው፤ በዳበሳ፣ በራሳቸው አንገት እየለኩ፣ ሁለት ጊዜ ፈትተው እንደገና ቋጥረውታል። የወሰደሽ መንገድ በሰላም ይመልስሽ ብለውሻል። እኔም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ያጎደልኩብሽን ዘመን ፈጣሪ በሌላ ይካስልሽ እላለሁ።

«ኧረ እኔ የለሁበትም» ያለሽ
ታናሽ ወንድምሽ