«አትንኪው» የተባልኩት ሽንት ቤት

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ እስከ ረፋድ ተኛሁ። ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው፤ ተራችን ዛሬ ነበር... ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሞላ፣ በርሜሉም ሞላ። ልብስ ላጥብ ደስ ብሎኝ ስገባ የሽንት ቤቱ ወለል ርሷል። ከመቀመጫው ጀርባ፣ ውሃ ከሚጠራቀምበት ሳጥን ሥር ጠብ ጠብ ይላል። ወለወልኩት። ተመልሶ ራሰ።

ሐዋሳ ላለው ወንድሜ ለኢሳይያስ ደወልኩ። መቀመጫውን ያስገባው እሱ ነው፤ እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ዱቦ ሆስፒታል ተኝታ በወጣች ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አትችልም።

«እኔ ልሞክረው?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ውድ ዕቃ ነው፣ አትንኪው። ሰው እልካለሁ።»

እሺ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

የተላከ ሰው የለም። ጨርቅ እየጨመቅኩ ነው።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

እማዬ ልትወድቅ ነበር! ከዘራዋ እርጥቡ ሴራሚክ ላይ ተንሸራቶባት፣ በሩን ይዛ ተረፈች። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ሮጬ ስደርስ ትስቃለች። ምን ያስቃል? በሩን ግን አልለቀቀችውም።

ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ሣራ።» አመሻሽ ላይ ደግሜ ደወልኩ። «ነገርኩሽ እኮ፣ ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው።» የቱ ልጅ? ስሙ ማን ነው? ዘጋሁበት። ደግ አደረግኩ።

ሌላው ሽንት ቤት ጓሮ ነው፣ ከእንሰቱ ኋላ። ቁልቁለት፣ በዚህ ክረምት ጭቃ። እሷን እዚያ መላክ ማለት...

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

እማዬ ጾም ጸሎት ይዛለች። እስከ ማታ እህልም ውሃም የለም። «ለኢሳይያስ ነው፣ ሥራው እንዲቃናለት» አለች። ለእሱ! እኔስ? 

ቤተ ክርስቲያን ለወይዘሮ ትዕዛዝ ነገርኳት፤ የሴቶቹ ጸሎት መሪ ናት። «በዚህ ዕድሜዋ! አቤት እምነት!» ብላ ለሁሉም አዳረሰችው። እኔም ትንሽ ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ



ጾሟን ስትፈታ ውሃ ሰጥቻት ወጣሁ። ስመለስ በበሩ ክፍተት አየኋት፤ ኩባያውን በመስኮት ወደ ውጭ ደፋችው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም?

«እማዬ፣ ምንድን ነው?»

ኩባያውን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ጾሙን ፈተሽ የለ እንዴ?»

«ከጠጣሁ ያስነሳኛል» አለች በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ። «ከተነሳሁ ደግሞ እወድቃለሁ።»

ጾም አልነበረም! ሽንት ቤት ላለመሄድ ነው የተጠማችው። እኔ እንዳልጨነቅ እግዚአብሔርን አሳበበች፣ ሴቶቹም አመሰገኑላት። በኢሳይያስ ተናደድኩ። በስብሰባው ተናደድኩ። በዚያ ስም በሌለው ልጅ ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ በራሴ፤ «አትንኪው» ስባል እጄን አጣጥፌ በተቀመጥኩት።

እነካዋለሁ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ከኋላዬ የመጣውን ወንድ ሁሉ እያስተናገደ አቆመኝ። በመጨረሻ ዞሮ፣ «ባልሽን ላኪው፣ ለእሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ባል የለኝም፣ የሚያፈስ ሽንት ቤት ነው ያለኝ አልኩት። ሳቀ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አይቶ ጎሚኒ የሚሉትን የላስቲክ ቀለበትና ብሎን ሰጠኝ።

ሳጥኑን ፈታሁ። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ ሳጥኑና መቀመጫው መካከል ያለው ጎሚኒ ስነካው ተፈረፈረ። አዲሱን አስገባሁ። መፍቻውን ይዤ ባለኝ ንዴት ሁሉ አጠበቅኩ። ወለሉን አደረቅኩ፣ ጠበቅኩ... ጠብ የለም! ጠብ የሚል ነገር የለም!

እማዬን ጠራኋት። በከዘራዋ ወለሉን ነካ ነካ አደረገች። «ጎበዝ» አለች። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ጎርፍ። እስከ ሳሎን።

ለካ ቅዳሜ ታንከሩ ባዶ ነበር! የዓርቡ ተራ ቀርቶ፣ ያለው ሲያፈስ ሰንብቶ አልቆ፣ እኛም በባልዲ እየደፋን ስንጠቀም፣ ማን ልብ ይበል? ዛሬ ተራችን ደርሶ ውሃው ሲመጣ ሁሉም ነገር ወጣ። በፈረቃ ውሃ የሚኖር ሰው እንዲህ ነው፤ ውሃ በሌለበት ቀን ጠግኖ ይመርቃል።

እማዬ ኩባያዋን መልሳ ገፋችው።  ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መፍቻውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። አንድ ሴራሚክ ተሰነጠቀ። እሱን ደግሞ ማን ሊሠራው ነው?

መፍቻውን ሄጄ አነሳሁት።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

እንደገና ፈታሁት። በንዴት አንዱን ወገን ብቻ አጥብቄ ጎሚኒውን አጣምሜዋለሁ። ሥሩ የተጣበቀውን የድሮ ቆሻሻም አልፋቅኩትም ነበር። ፋቅኩት። አሁን ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ፣ ተራ በተራ። ከበርሜሉ በጀሪካን እየቀዳሁ ሳጥኑን ሞላሁት። ከዚያ ከምድጃው አመድ አምጥቼ ወለሉ ላይ ነሰነስኩ፤ ጠብታ ከወደቀ ይጠቁራላ።

አንድ ቦታ ጠቆረ። ተሳደብኩ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ቀኙን ትንሽ ጨመርኩ፣ አዲስ አመድ ነሰነስኩ። ምሳም ሳልበላ ስጠብቅ ዋልኩ። አልጠቆረም።

እማዬን አልጠራኋትም። መጀመሪያ የዓርብ ውሃ ይምጣ።

መስከረም 9፣ ዓርብ

መጣ። ታንከሩ ሞላ። አመዱ እንዳለ ነው።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

እማዬ አሁንም ግማሽ ኩባያ ነው የምትጠጣው። ወለሉን አላመነችም... ወይስ እኔን?

ዘመን መለወጫችን ጊፋታ እሑድ ነው። «ከወንድምሽ ታረቂ» እያለች ትነዘንዘኛለች። የተጣላ ሰው ዘመን ሳይለወጥ መታረቅ አለበት፣ አውቃለሁ። ግን እንዴት? ሰውዬው መጣላታችንን እንኳ አያውቅም እኮ!

መስከረም 18፣ እሑድ፣ ጊፋታ

ቤቱ በዘመድ ሞላ። ኢሳይያስ ከሚስቱ ከመብራት ጋር መጣ። እሷ ሐዋሳ ነው ያደገችው፣ ወላይትኛ አትሰማም። እኔ ሥጋ እቆርጣለሁ። እሱ ከሽንት ቤት እጁን እያራገፈ ወጣና፣ «የላክሁት ልጅ አሪፍ አድርጎ ሠርቶታል!» አለ፣ ሰው ሁሉ ፊት።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ መብራትም እንድትሰማ።

«የምን ልጅ? ማንም አልመጣም። ሣራ ናት የሠራችው።»

ኩባያዋን ዘረጋችለት። «ውሃ ቅዳልኝ።» ቀዳ። ጠጣችው። «ጨምር።» ጨመረ። ጆጉ ሲያልቅ ከዘራዋን ይዛ ተነሳች። ልደግፋት ብል እጄን ገፋችው። ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋች። ውሃው ሲለቀቅ ሳሎን ድረስ ተሰማ።

«ምን ሆናለች?» አለ ኢሳይያስ። ነገርኩት። ስለ ጾሙ፣ በመስኮት ስለሚደፋው ውሃ፣ ሁሉንም። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደውዬልህ ነበር» አልኩት።

 አቅፎኝ አለቀሰ፤ ዘመዶች ታረቁ ብለው ደስ አላቸው። እኔ አላለቀስኩም። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፣ ጊፋታም ቢሆን።

ሊሄዱ ሲሉ መብራት ወደ ጓዳ ሳበችኝ። የእነሱም ሽንት ቤት ያፈሳል። «አትንኪው ይለኛል» አለች።

«መፍቻ ግዢና ጠብቂኝ» አልኳት።

እማዬ ከመኝታ ቤት እየተጣራች ነው። ጆጉን ሙዪልኝ ትላለች። ልሂድ።