ሳይጠይቅ ያሰራት

እሑድ፣ ኦክቶበር 1

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ። ከሰዓት በኋላ፣ የካፌው የጀርባ ክፍል፣ አሥራ አራት ሰው። ጠዋት የምጠብቀውን የቦይ ድልድይ ሦስት ጊዜ ለጀልባ ከፍቼ ዘግቼ፣ የሥራ ጃኬቴን እንኳ ሳልቀይር ነው የሄድኩት።

አንዲት አዲስ ልጅ መጣች፤ ፌና ትባላለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ የሙዚቃ አስተማሪ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ... እኛን ስታይ የደነገጠችው ድንጋጤ! የቢዲኤስኤም፣ በፈቃድ የማሰርና የመታሰር፣ የማዘዝና የመታዘዝ ጨዋታ ወዳጆች ስብሰባ ብላ መጥታ ያገኘችው ሹራብ የሚሠሩ ሁለት ሴቶችና ስለ ጉልበት ሕመም የሚጨቃጨቁ ሽማግሌዎች።

«አለንጋው የት አለ?» አለችኝ በጆሮዬ።

«እዚህ ቢራና ወሬ ብቻ ነው። አለንጋው ቤቱ ተኝቷል።»

ሳቀች። ወደድኳት።

ሕጎቹን ነገርኳት። ፎቶ የለም። ሙሉ ስም አይጠየቅም። መንገድ ላይ ካገኘሽን ቀድመሽ ሰላም አትበዪን፤ ግሮኒንገን ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰውዬው ከእናቱ ጋር ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሳይጠይቁ ማንንም መንካት የለም።

ከዚያ ዮሪት መጣ። ገመድ ማሰር ያስተማረኝ እሱ። ጠረጴዛ የምንለውን ይህን ስብሰባ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከእኔ ጋር የጀመረው እሱ። ሕጎቹንም በገዛ እጁ የጻፈው እሱ። ወሬ መሃል የፌናን ሻርፕ ከአንገቷ ሳብ አድርጎ ሁለት እጇን በአንድ ቋጠሮ አሰራቸው። አልጠየቃትም።

«ይኸው፣ ተጠመቅሽ!» አለ።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች... ሳቅ ከተባለ። እኔም ሳቅኩ።

ለምን ሳቅኩ?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ከፌና መልእክት። «ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ አልመጣም።»

ለምን? አልኳት። መልሱን እያወቅኩት...

«ሰውዬው እጄን አሰረኝ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ሳቅሽ።»

ድልድዩን ለመክፈት አምስት ደቂቃ ዘገየሁ። ባለጀልባው በጥሩምባ ሰደበኝ። ደግ አደረገ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ሐሙስ የሲትሰ ቀን ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቱ። ይመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ለአትክልት ሥራ የሚሸጠውን የጉልበት ትራስ ያነጥፍና ይንበረከክልኛል። አራት ዓመታችን። ዛሬ ግን ትእዛዝ ከአፌ አልወጣ አለ። ቆሜ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

«እመቤቴ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?»

«ዝም በል።»

ታዘዘ። ከዚያ ትራሱ ላይ እንዳለ፦ «ሰናፍጭ።»

ክው አልኩ። የማቆሚያ ቃላችን ናት። እሷ ከተባለች ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። በአራት ዓመት ሁለቴ ብቻ ነው ያላት፤ ሁለቴም በጉልበቱ የተነሳ።

«ምን ሆንክ? ጉልበትህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ላናግርሽ ነው። እርስዎ እያልኩ ደግሞ ይሄ አይነገርም። የእሑዱን ሰምቻለሁ። ቪትስከ፣ አንቺ ዮሪትን ትፈሪዋለሽ።»

«እኔ? እኔ ሰው ፈርቼ...»

«እኔ ሰናፍጭ ስልሽ ወዲያው ትሰሚኛለሽ። ያቺ ልጅ ምን ቃል ነበራት?»

ተነሳ። እጄን ይዞ ነው የተነሳው፣ ብቻውን አይችልም። ሻይ አፈላልኝ። ይኸው እንግዲህ፣ አስፈሪዋ ገዢ! የሚንበረከክላት ሰው ተቆጥቷት፣ ሻይ አጠጥቷት ሄደ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

ዮሪት ቤት ሄድኩ። የምለውን እየተለማመድኩ ስነዳ ከነብስክሌቴ ቦይ ውስጥ ልገባ ነበር።

«ቀልድ ነበር እኮ!» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አንብበው።»

«ስቃለች።»

«አዲስ ቦታ፣ አሥራ አራት የማታውቀው ሰው እያየህ እጅህን ቢያስሩህ አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

«ቋጠሮ ማሰር ማን አስተማረሽ?»

«አንተ። መፍታትም አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

ነገርኩት። ለፌና «ግን» የሚል ቃል የሌለበት ይቅርታ ይጻፍ። እስከ ጃንዋሪ ወደ ጠረጴዛው አይምጣ።

«ከራሴ ጠረጴዛ?»

«ከራሳችን።»

በሩን ዘጋብኝ። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር። ባሌ የሞተ ሰሞን በየቀኑ ሾርባ ያመጣልኝ የነበረው ይኸው ሰው ነው... አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ። የጎረቤቱ ውሻ እንኳ አፈረልኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

ዮሪት ለሁሉም ጽፏል። «ቪትስከ ዘውድ ጫነች።» ስልኬ ሲጮህ ዋለ። አንዱ፦ «በአንድ ሻርፕ?» ሌላዋ፦ «ከገዢነት ወደ አምባገነንነት አደግሽ ማለት ነው!» ሳልወድ ሳቅኩ፤ ጥሩ ናት። ልጅቷስ እንዴት ናት ያለ ግን አንድም የለም።

የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላቸው። እኔም እንደሳቅኩ አልደበቅኩም። ለፌና ለብቻዋ ጻፍኩ። ተመለሺ አላልኳትም። አጠገብሽ ነበርኩ፣ አየሁ፣ ሳቅኩ፣ ጥፋቴ ነው... ይኸው ብቻ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 20

ፌና መለሰች። «ሌዋርደን ከተማ ሌላ ጠረጴዛ አገኘሁ። እነሱም ሹራብ ይሠራሉ፤ ተስፋ ቆርጫለሁ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት።»

የሷን እኔ አምስቴ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 5

ስድስት ሰው። ስምንቱ ቀርተዋል። ሕጎቹን ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ለነባሮቹም። ያነበብኩትን የሰማ ካለ ተአምር ነው፤ ሁሉም የተጠበሱትን የስጋ ኳሶች እየተሻማ ነበር።

ልንበተን ስንል በሩ ተከፈተ። ዮሪት። ካፖርቱን አላወለቀም። ደፉ ላይ ቆመ። ማኘክ እንኳ ቆመ።

«ለልጅቷ ጽፌላታለሁ» አለ። «አልመለሰችልኝም።»

«የመመለስ ግዴታ የለባትም።»

«አውቃለሁ።» ጫማውን አየ። ከዚያ... «መግባት እችላለሁ?»

አሥራ አንድ ዓመት። ይህ ሰው ሳይጠይቅ ከሳህኔ በልቷል፣ ሳይጠይቅ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፣ የጀመርኩትን ወሬ ሳይጠይቅ ጨርሶልኛል። ግባ ማለት እንዴት ቀላል ነበር!

«አይሆንም፣ ዮሪት። በጃንዋሪ።»

ማንም አልሳቀም።

«እሺ» አለ። በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከአሁኑ ናፍቆኛል። ይናፍቀኝ። በጃንዋሪ ብያለሁ፣ በጃንዋሪ ነው።